አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን፤ ከጢሮስ መጥቶ አክሱም የቀረው እንግዳ

በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የአንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት ማቅረብ ልማዳችን ስለሆነ ዘንድሮ የአባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ታሪክ መርጠናል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ዘመድ የሌለው እንግዳ በሰፈራችን ሲሞት እድሩ ይቅበረው ወይስ አይቅበረው በሚለው ጉዳይ ግማሽ ቀን ስንከራከር መዋላችን ይታወሳል። ክርክሩ ጦፎ ሳለ ከአባቶቻችን አንዱ ብድግ ብለው፣ አገሪቱን ያጠመቀው ሰው ራሱ ዘመድ አልባ እንግዳ ልጅ አልነበረም ወይ ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ቤቱን ጸጥ አደረገው። በኋላ ግን ስንጨዋወት ታሪኩን አጥርቶ የሚያውቀው ጥቂት፣ አደባልቆ የሚያወራው ብዙ ሆኖ አገኘነው። እኛም ብንሆን ከደባላቂዎቹ ነበርንና፣ ያነበብነውንና የሰማነውን አሰባስበን እነሆ ብለናል።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአገራችን ታሪክ ሰላማ ተብለው የታወቁ ጳጳሳት ሦስት ናቸው። አንደኛው የዛሬው ባለ ታሪካችን ናቸው። ሁለተኛው በ14ኛው መቶ ዘመን መጥተው ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ያስመለሱት፣ አባ ሰላማ መተርጉም የሚባሉት ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩት፣ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው መቅደላ ላይ ታስረው በ1860 ዓ.ም. ያረፉት አቡነ ሰላማ ናቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሁሉ አቡነ ሰላማ ሲል እኒህን የመቅደላውን ማለቱ ነው። በመካከላቸው ያለው ዘመን ግን አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ነው።

ሌላም እናስታውቅ። ስለ ጥንቱ ዘመን ስንናገር ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ወደ ቅርቡ ስንመጣ በራሳችን ዓ.ም. እንጽፋለን። ደግሞም ባለ ታሪኩን በልጅነቱ እሱ፣ ጵጵስና ከተሾሙ በኋላ እሳቸው እያልን እንተርካለን። ቅር የሚለው አባል ቢኖር ይቅርታ ያድርግልን፤ ሕፃን ልጅን አንቱ ማለት ለጆሯችን አልጥም ብሎን ነው።

የልጁ ስም ፍሬምናጦስ ነው። የተወለደው በዛሬዋ ሊባኖስ ውስጥ ባለችው በጢሮስ ከተማ ነው። ጢሮስ በመጽሐፍ ቅዱስ ደጋግማ የምትነሣ የባሕር ነጋዴዎች ከተማ ናት። ከዚያች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ አገር ለማየት ወደ ህንድ ሲነሣ፣ የሚያስተምራቸውን ሁለት ወንድማማች ዘመዶቹን ይዞ ሄደ። ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። በዚያ ዘመን ህንድ ማለት ወሰኑ የማይታወቅ ነገር ነበር፤ የእኛንም አገር ህንድ ብለው የጻፉ የሮማ ጸሐፊዎች አሉ።

ያዩትን አይተው ሲመለሱ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ነው። ሰዎቹ አንድ ነገር አላወቁም፤ የዚያ አገር ሕዝብ ከሮማ መንግሥት ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ነበር። ውል ሲፈርስ ደግሞ በእጅ የገባን የሮማ ሰው መግደል የአገሩ ልማድ ነበር። መርከቡ ተወረረ፤ ፈላስፋውም መርከበኛውም መንገደኛውም አለቁ። ሁለቱ ልጆች ግን በዚያች ሰዓት ከመርከቡ ወርደው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። የሚገድሏቸው ሰዎች አግኝተዋቸው አዘኑላቸው። ወደ ንጉሡም ወሰዷቸው።

በዚች ዛፍ ላይ ጥቂት እንቆይ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ የተባለው የላቲን ጸሐፊ ሲሆን የጻፈውም በ402 ወይም በ403 ገደማ ነው። ሩፊኖስ ወሬውን ከመንገድ አልለቀመም፤ የሰማው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው፤ ኤዴስዮስ ሸምግሎ ጢሮስ ላይ ቄስ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ያችን ዛፍ የሚያስታውሳት ከሥሯ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ነው ማለት ነው። የዛፏ ነገር ተረት የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን ልጅ በዚያ ዕድሜው ያየውን ነገር ስንት ዘመን ይዞት እንደሚኖር ስለምናውቅ አይገርመንም።

ከወደብ እስከ አክሱም መንገዱ ሩቅ ነው። ከእነሱ ቀድሞ በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክ ነጋዴዎች መምሪያ፣ ከአዱሊስ ወደብ ተነሥቶ አክሱም ለመግባት ስምንት ቀን እንደሚፈጅ ይናገራል። የዝሆን ጥርስ ሁሉ ወደ ባሕር የሚወርደው በዚያ መንገድ ነበር። ልጆቹ ሽቅብ ወደ ደጋ ሲወጡ ያዩት አገር ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ያው የምናውቀው ገደልና አምባ ነው።

የአክሱም መንግሥት በዚያን ጊዜ በራሱ ስም የወርቅ ገንዘብ የሚቀርጽ፣ በባሕርም ማዶ ስሙ የታወቀ ኃይል ነበር። የእኛ የአገዎች ስምም በዚያ ታሪክ ውስጥ አለ። አዱሊስ ላይ ቆሞ የነበረውን የድንጋይ ዙፋን ጽሕፈት ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን ሲገለብጥ፣ ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል አገው ተጠቅሶ አግኝቶታል። ይኸው ኮስማስ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ወርቅ ወዳለበት አገር ነጋዴ ይልክ ነበር፤ ነጋዴዎቹም በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው ግብጦ በመሰለ የወርቅ ፍሬ ይለውጡ ነበር። አሞሌ ሲጫንና ሲራገፍ ያየ የሰቆጣ ገበያ ሽማግሌ ይህን ቢያነብ የራሱን የአያቱን ነገር ያነበበ ይመስለዋል። ነገሩ ከመንገዳችን አወጣን፤ እንመለስ።

ንጉሡ ልጆቹን አይቶ ወደዳቸው። ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስ ግን ብልህና አስተዋይ ሆኖ ስለታየው የቤቱን ሀብትና ጽሕፈት በእጁ ሰጠው። በዛሬ አነጋገር ገንዘብ ያዥም ጸሐፊም ሆነ ማለት ነው። በእድራችን ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት ደንቡ ይከለክላል፤ የአክሱም ንጉሥ ግን ለባዕድ ልጅ ሰጠ፤ አላፈረበትምም።

ንጉሡ ሲሞት የተወው ወራሽ ገና ሕፃን ነበር። ከመሞቱ በፊት ለሁለቱ ወንድማማቾች ነፃነታቸውን ሰጥቷቸው ነበርና ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተሰናዱ። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን ከእሷ ጋር እንዲሸከሙላት ለመነቻቸው። ይልቁንም ፍሬምናጦስን አጥብቃ ለመነችው። በአገራችን ትውፊት ንግሥቲቱ ሶፍያ ትባላለች። ባል የሞተባት ሴት፣ ሕፃን ልጅ፣ ዙሪያውን የሚያንዣብቡ መኳንንት፤ ይህ ዓይነቱ ነገር በየቤታችን የታወቀ ነው። ንግሥቲቱ የባሏን ዘመድ ትታ ባዕዶቹን የመረጠችበትን ምክንያት ሩፊኖስ ሲገልጽ፣ በመንግሥቱ ከእነሱ የበለጠ የሚታመን ሰው አልነበራትም ይላል። እኛ ደግሞ ዙፋኑን ሊመኝ የማይችል ሰው ባዕድ ብቻ ነው ብለን እንጨምርበታለን።

ፍሬምናጦስ የመንግሥቱን መሪ ይዞ ሳለ በልቡ አንድ ሌላ ሥራ ጀመረ። ወደ አገሪቱ ከሚመጡት የሮማ ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖቹን እየፈለገ፣ ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቦታ እንዲይዙ ሥልጣን ሰጣቸው። ቤተ ጸሎት የሚሠሩበትን መሬትና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አዘጋጀላቸው። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ጅምር ይኸው ነው፤ መንገደኛ ነጋዴዎች፣ ጥቂት ቦታ፣ አንድ የሚያስተባብራቸው ሰው። በአዋጅ አልተጀመረም፤ በጦርም አልተጀመረም።

አልጋ ወራሹም አደገ። ሁለቱ ወንድማማቾች የተረከቡትን መንግሥት በሙሉ አስረክበው፣ ንግሥቲቱና ልጇ ቅሩ እያሉ ቢለምኗቸውም አሻፈረን ብለው ወጡ። ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ለሁለት ተከፈለ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ አቀና።

እኛ ታሪኩን ስናነብ ብዙ ጊዜ ያቆመን እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ከአንዲት ዛፍ ሥር የተወሰዱ ናቸው። ሁለቱም እናት አላቸው፤ አገር አላቸው። አንዱ ወደ እናቱ ሄደ፤ አንዱ ሳይሄድ ቀረ። የሄደውን ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እንዲያውም እሱ ባይመለስ ኖሮ ይህን ሁሉ የሚነግረን ምስክር አናገኝም ነበር። ይሁን እንጂ ታላቁ ወንድም የጢሮስን ባሕር ዳግመኛ ማየት እየቻለ መንገዱን ወደ ግብፅ ማዞሩ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁን ዓረብ አገር ልኮ መንገድ መንገድ የሚያይ ወላጅ በሰፈራችን ስላለ፣ የጢሮሷን እናት ነገር አንርሳው።

በእስክንድርያ የጵጵስናውን መንበር የያዙት ታላቁ አትናቴዎስ ነበሩ። እኒህ ሰው በ325 በኒቅያ ጉባኤ በአርዮስ ትምህርት ላይ ለተነሡት አባቶች በዲቁና ያገለገሉና በ328 ለመንበሩ የተመረጡ ናቸው። ፍሬምናጦስ ሄዶ በዚያ ሩቅ አገር ክርስቲያኖች መብዛታቸውን፣ የጸሎት ቤት መሠራቱን፣ እረኛ ግን እንደሌላቸው ነገራቸውና የሚበቃ ሰው መርጠው እንዲልኩ ጠየቀ። ለራሱ አልጠየቀም። አትናቴዎስ ግን ቀሳውስቱን ሰብስበው ከተማከሩ በኋላ ከእሱ የተሻለ ማን ይገኛል በሚል ሐሳብ ራሱን ቀብተው ጳጳስ አድርገው መለሱት። ሊቃውንቱ ስለ ዓመቱ አይስማሙም፤ አንዳንዱ ከ328 በኋላ ወዲያው ነው ይላል፤ አንዳንዱ አትናቴዎስ ከስደት ከተመለሱበት ከ346 በኋላ ያደርገዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በዓለ ሲመታቸው ታኅሣሥ 18 ቀን ይታሰባል።

ከእንግዲህ እሳቸው እንበል። አባ ሰላማ ተብለው፣ የብርሃን ገላጭ የሚል ትርጉም ያለውን ከሳቴ ብርሃን የሚለውን ስም ጨምረው ወደ አክሱም ተመለሱ። ያ ያሳደጉት ልጅ አሁን ንጉሥ ነው። ስሙ ዒዛና ነው፤ ሳይዛና የሚባል ወንድም አለው። በትውፊታችን ግን ጥምቀትን የተቀበሉት ወንድማማች ነገሥታት አብርሃና አጽብሃ ናቸው፤ በዓላቸውም ጥቅምት 4 ቀን ነው። ዒዛናና ሳይዛና እነአብርሃ ናቸው የሚሉ አሉ፤ አይደሉም የሚሉም አሉ። በእድር መጽሔት የምንወስነው ነገር ስላልሆነ እንተወው። ስለ ዒዛና ግን ከክርክር ያለፈ ማስረጃ አለ፤ ድንጋይና ገንዘብ።

የዒዛና የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች ከላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አላቸው፤ የጥንቱ አምልኮ ምልክት ነው። የኋለኞቹ ግን በዚያው ቦታ መስቀል አላቸው። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካወጡት የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ እሱ ነው። በድንጋይ ያስጻፋቸውም እንዲሁ ናቸው። በቀደሙት ላይ የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል፤ ማሕረም የጦርነት አምላካቸው ነበር። ኖባን ድል ስለማድረጉ ባስጻፈው ላይ ግን ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ ሆነ። አንድ በግሪክኛ የተጻፈ ድንጋይ ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። ያ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ የሆነ ነው።

ስለ ፊደላችንም ይወራል። ግዕዝ በጥንት ጊዜ ሲጻፍ እንደ ዐረብኛ ድምፅ መለያ አልነበረውም፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የምንላቸው የፊደል ቅጥያዎች በድንጋይ ላይ የሚታዩት ከዒዛና ዘመን ጀምሮ ነው። ትውፊቱ ይህን ሥራ ለአባ ሰላማ ይሰጣል፤ የመጽሐፍ ቅዱስንም ትርጉም ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው ይላል። ልጆቻችን በየቄስ ትምህርት ቤቱ ሀ ሁ ሂ ሲሉ የእሳቸውን ስም ቢያነሡ አይበዛባቸውም። ብቻቸውን ሠሩት ብለን ግን አንጽፍም። የግዕዝ ሊቅ የሆነ የአገር ልጅ ሳይኖርበት እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የሮማ ንጉሠ ነገሥት የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ የአርዮስን ወገን ደጋፊ ነበር። በ356 አትናቴዎስን ከመንበራቸው አሳደደና በምትካቸው ጊዮርጊስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሰው አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ ባጭሩ፣ ፍሬምናጦስ ሥልጣናቸውን የተቀበሉት ከአሳደድኩት ሰው ስለሆነ ወደ ግብፅ ይላኩና በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖታቸው ይመርመር የሚል ነው። ደብዳቤው ዛሬም አለ፤ አትናቴዎስ ራሳቸው ለንጉሡ በጻፉት መከላከያ ውስጥ ገልብጠው አስቀምጠውታል። እንግዲህ የባለ ታሪካችን መኖርና ጵጵስና በጠላታቸው እጅ የተመሰከረ ነው። እንዲህ ያለ ምስክር ደግሞ ከወዳጅ ምስክር ይበልጣል።

እስቲ በዒዛና ቦታ ሆነን እንየው። በአንድ ወገን የዓለም ኃያል ንጉሥ አለ፤ የቀይ ባሕር ንግድ የሚሄደው ወደ እሱ አገር ነው። በሌላ ወገን አንድ ሽማግሌ ባዕድ አለ፤ ጦር የለው፣ ዘመድ የለው፤ ያለው ነገር ቢኖር ንጉሡን በሕፃንነቱ ይዞ ማሳደጉ ነው። ዒዛና አሳልፎ ሰጣቸው የሚል ጽሕፈት በየትም የለም። ቤተ ክርስቲያኒቱም የአርዮስን መንገድ አልያዘችም፤ በአትናቴዎስ እምነት ጸንታ እዚህ ደረሰች።

አባ ሰላማ ስላረፉበት ቀን ስንክሳሩ ሐምሌ 26 ይላል። ቅዱስ ዮሴፍ አረጋዊም በዚያው ዕለት ይታሰባል። ሁለቱም የራሳቸው ያልሆነ ልጅ ያሳደጉ ናቸው፤ በአንድ ቀን መግጠማቸው ደስ ይላል። ከአድዋ አጠገብ ፍሬሞና የምትባል ቦታ አለች፤ ኢየሱሳውያኑ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ሰፍረው በእሳቸው ስም የጠሯት ናት። ከእኛ ጋር እስከ ሞት የተጣሉት ሰዎች እንኳ ስማቸውን አከበሩት ማለት ነው።

ሹመታቸው ግን አንድ ሸክም ትቶልን አለፈ። የመጀመሪያው ጳጳስ ከእስክንድርያ ስለተሾሙ ጳጳስ ሁሉ ከዚያ እንዲመጣ ሆነ፤ ቆይቶም ኢትዮጵያውያን ከመካከላቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ሕግ ፍትሐ ነገሥት ውስጥ ገባ። ጳጳስ ሲሞት ወርቅ ተጭኖ፣ መልእክተኛ ተልኮ፣ ስንት ዓመት ይጠበቃል። እስከዚያው ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም፤ ንጉሥም የሚቀባ የለም።

ይህ ነገር የእኛን የዋግን ቤት ጎድቶታል። የመቅደላው አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. ሲያርፉ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዓመት ሞቱ። የእኛው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ጳጳስ ግን አልነበራቸውም። የሚስታቸው የድንቅነሽ ወንድም የትግሬው ካሳ ምርጫ ግን ግብፅ ልከው በ1861 ዓ.ም. ጳጳስ አስመጡ። የጳጳሱም ስም አቡነ አትናቴዎስ ነበር፤ አባ ሰላማን ከሾሟቸው ጋር ሞክሼ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ በአሰም ጦርነት ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተያዙ። ጥር 1864 ዓ.ም. ካሳ አክሱም ላይ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። የመሣሪያውና የሥልጠናው ብልጫ ትልቁ ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። የጳጳሱም ነገር ግን ቀላል አልነበረም።

ይህ ሁሉ ያበቃው በእኛ ዘመን ነው። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ከአባ ሰላማ እስከዚያ ድረስ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ነው።

ወደ ስብሰባችን ጥያቄ እንመለስና እንጨርስ። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ሰቆጣ ገብተው ሳለ በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አርፈው ነበር። መዋጮ ያልከፈሉ፣ በመዝገባችን ያልተጻፉ ሰው ናቸው። ዳኛው ደንቡን ሳይጠይቁ ድንኳኑን አስወጡ፤ ጥሩምባ ተነፋ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፤ ቀበርናቸው። የኋላ ኋላ ሒሳብ ሲመረመር ወጪው በየትኛው አንቀጽ ይያዝ የሚል ጥያቄ ተነሣና ይኸው እስከ ዛሬ ያከራክረናል። ጠያቂዎቹም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የመበለቶች ሳንቲም ነው፤ ያለ ደንብ ሊወጣ አይገባም ነው የሚሉት።

እኛ ይህን ታሪክ ስንጽፍ ከሐሳባችን ያልወጡት ግን በዚያ ወደብ ያለቁት ሰዎች ናቸው። ሜሮጵዮስ ብቻ በስሙ ተጠርቷል። መርከበኞቹ ስንት እንደነበሩ አልተጻፈም፤ ማን አልቅሶ እንደቀበራቸውም አልተጻፈም። ሁለቱ ልጆች ከዛፏ ሥር ተነሥተው ወደ ደጋ ሲወሰዱ በዚያ በኩል አልፈው ይሆናል።

ስለ እንግዳ ቀብር አዲስ አንቀጽ ተረቅቆ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። የሚመጣው ሐምሌ ስብሰባ ላይ ድምፅ ይሰጥበታልና አባላት ቀድመው እንዲያነቡት እናሳስባለን። የእኒያ ሽማግሌ ስም በመዝገቡ መጨረሻ ገጽ በእርሳስ ተጽፏል፤ አንቀጹ ካለፈ በቀለም ይጻፋል።